ይሉኝታ ላለባቸው ተስማሚ ሥራ

ለማክሰኞ አጥቢያ ሕልም አየሁ። ፈቺ ፈልጌ አይደለም የምጽፈው። ሰው የሚያየው ያሰበውን ነው ቢባል እንኳ፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር ማሰቤን አላውቅም ነበር።

አስቀድሜ ግን በምን ሐሳብ እንደተኛሁ ልናገር። ሰኞ ዕለት ልጄን ሐመልማልን ለሥራ ቃለ መጠይቅ ይዣት ሄጄ ነበር። ሐመልማል ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ኦቲዝም አለባት። ሥራው አንድ ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ አንሶላና ፎጣ መተኮስና ማጠፍ ነው። ሐመልማል በዚህ ዓለም ላይ ከምትወዳቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ የጨርቅ ጠርዝ ከጠርዝ ጋር ሲገጥም ማየት ነው። ቤታችን ውስጥ መታጠፍ የሚችል ሆኖ ያልታጠፈ ነገር የለም። ስለዚህ ቦታውን ሳየው ለእሷ የተከፈተ መሰለኝ።

የሰው ኃይል ኃላፊው አቶ ደረሰ ግን አንሶላ አላሳያትም። ፈገግ ብሎ ከሰው ጋር እንዴት እንደምትግባባ ጠየቃት። ሰው ባይኖር ይሻላል አለችው። ድክመቷ ምን እንደሆነ ጠየቃት። የመብራቱ ድምፅ እንደሚረብሻትና እሱም ሽቶ እንዳበዛ ነገረችው። እሱ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ እሷ አልሳቀችም። ስንወጣ እጄን በሁለት እጁ ይዞ፣ ነገ ጠዋት እደውላለሁ፣ ምንም አታስቢ አለኝ። እጅ በሁለት እጅ ተይዞ «ምንም አታስቢ» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ እድሜዬ አስተምሮኛል። ልቤ እንደከበደ ተኛሁ።

በሕልሜ ከቤት ስወጣ ከተማው ጸጥ ብሏል። የታክሲው ረዳት አይጮህም፤ የሚሄድበት ሰፈር የተሣለበት ሰሌዳ ይዞ ቆሟል። ሾፌሩ ጥሩምባ የለውም፤ በጥሩምባው ቦታ ትንሽ ትራስ ተሰፍቶበታል። ውስጥ ስገባ መሐል ወንበር የሚባል ነገር የለም። እንዴት አድርገው እንደሠሩት አላውቅም፣ ሁሉም ወንበር የመስኮት ነው። እንደ ልማዴ «እንደምን አደራችሁ» አልኩ። ሰው ሁሉ ዞር ብሎ አየኝ። አንዲት እናት ልጇን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ በለሆሳስ «አትፍሪ፣ አትነካሽም። ይሉኝታ ያለባት ሰው ናት» አለቻት።

ልጅቷ በሐዘን አየችኝ። እኔም ምንም እንዳልሰማ ሆኜ ፈገግ አልኩ።

በበግ ተራ በኩል ስናልፍ በጎቹ ሰዎችን እየገዙ ነበር። አንድ ትልቅ ሙክት አንድ ጎልማሳ ፊት ቆሞ ወገቡን በሰኮናው ጫን ጫን እያደረገ ፈተሸው። ሥጋው ደህና ነው፣ ወሬው ግን ይበዛል ብሎ ተወው። ሰውየው ምንም እንዳልተነካ ሁሉ «ኧረ ችግር የለም፣ ሌላ ጊዜ» ሲል ሰማሁት። የአገሬ ሰው እንደሆነ በዚህ አወቅሁ።

ከታክሲው ስወርድ ሐመልማል አጠገቤ ቆማለች። ከየት እንደመጣች አልጠየቅሁም። የአባቷን ግራጫ ኮት ለብሳለች። ኮቱን ባለቤቴ አጥናፉ ከተቀበረ በኋላ ለማን እንደሰጠሁት አውቃለሁ፤ በሕልሜ ግን ተመልሶ መጥቶላታል። ልብሱን ያየ ሁሉ እንዳላማረባት ነገራት። እሷም እንደሚሞቃት ነገረቻቸው። በዚህ ተስማምተው ተለያዩ። የኮቱ የአንገት መለያ ጨርቅ ተቆርጦ ወጥቷል፤ እዚያ አገር አንገት የሚኮሰኩስ መለያ በልብስ ላይ መስፋት በሕግ ያስቀጣል።

ወዴት እንደምንሄድ ጠየቅኋት። ለእኔ ሥራ ልታፈላልግልኝ እንደሆነ ነገረችኝ። በሩ ላይ ስንደርስ በትልቁ «ይሉኝታ ላለባቸው ሰዎች ተስማሚ ሥራ አፈላላጊ» የሚል ተጽፎ አየሁ። ከሥሩ በቀጭን ቀለም «ይሉኝታ በሽታ አይደለም» ይላል።

በሩ ላይ ሁለት ሽማግሌዎች ቆመዋል። አንዱ አቶ በላቸው፣ ሌላው አቶ ጥሩነህ ይባላሉ። ሥራ ፍለጋ በአንድ ጊዜ ደርሰው ማን ቀድሞ እንደሚገባ ሊስማሙ አልቻሉም።

«ይቅደሙ እንጂ።»

«ኧረ እርስዎ ይቅደሙ።»

«በሞቴ።»

«እኔ ልሙት፣ እርስዎ ሳይገቡማ አልገባም።»

ሲመጡ ጢማቸው ጥቁር ነበር አሉ። ሐመልማል በመሐላቸው አልፋ ገባች። እኔ ግን ቆም ብዬ፣ እናንተ ቀድማችሁ ነው የመጣችሁት፣ እናንተ ግቡ አልኳቸው። ሴት ቆማ እኛ እንገባለን እንዴ አሉኝ። ሦስት ሆንን። ሐመልማል ተመልሳ ወጥታ በእጅጌዬ ስባ ባታስገባኝ ኖሮ ሕልሜ እዚያው በር ላይ ያልቅ ነበር።

ውስጡ ደብዘዝ ያለ ነው። ወንበሮቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረዋል፤ ማንም የማንንም ዓይን ለማየት አይገደድም። የቢሮው ሠራተኞች እንደየራሳቸው ነበሩ። አንዱ ስለ ድልድዮች ያወራል፤ መስማት የፈለገ ይቆማል፣ ያልፈለገ ሰላም ሳይለው ይሄዳል፣ አንዱም አይቀየምም። አንዷ ምንም አትናገርም፤ የምትለውን በሥዕል እየጠቆመች ታሳያለች። እስክትጠቁም ድረስ ሁሉም ይጠብቃታል። አንድም ሰው ቃሉን ከአፏ ቀድሞ ሊጨርስላት አልሞከረም። ይህን ሳይ፣ ሐመልማል ልጅ ሳለች ቃሏን ይቀድሙባት የነበሩት አክስቶቿ ትዝ አሉኝ።

ወደ ጸዳለ አስገቡን። ጸዳለ ቀጣሪና ተቀጣሪ የምታገናኝ ባለሙያ ናት። ወይዘሮ ትሁን ወይዘሪት አልነገሩኝም፤ እዚያ ሁሉም በስሙ ብቻ ነው የሚጠራው፣ ሁሉም ሁሉንም አንተና አንቺ ነው የሚለው። ጸዳለ እኔን አላየችኝም። ዓይኗን ኮቱ ላይ አድርጋ ልጄን አናገረቻት።

«ምን ትችላለች?»

«ብዙ ነገር። ዩኒቨርሲቲ ተምራለች። ታነባለች፣ ትጽፋለች፣ ታስተዳድራለች። የምትፈልገውን ግን መናገር አትችልም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከልጅነቷ። አባቴ ከሞተ በኋላ ብሶባታል።»

«ሲከፋትስ?»

«ፈገግ ትላለች። እንግዳ ካለ ደግሞ ሻይ ታፈላለች።»

ጸዳለ ራሷን ነቀነቀች። እኔ ራሴ መልስ መስጠት እንደምችል በትሕትና ተናገርኩ። ጸዳለ ደስ ብሏት ወደ ልጄ ዞረችና «ጥሩ ትናገራለች እኮ» አለቻት።

ከዚያ መርማሪዋ ገባች። መርማሪዋ አህያ ናት። መነጽር አድርጋለች፤ ፊቷ የደከመ መምህር ፊት ነው። ከወንበሬ ተነሣሁላት። ምን እንደፈለግሁ ጠየቀችኝ። ምንም አልኩ። ታዲያ ለምን ተነሣሽ አለችኝ፣ ተቀመጥኩ። ሥራዋ መስማት ብቻ እንደሆነ ጸዳለ አስረዳችኝ። ሰው የማያስበውን ሲናገር የአህያዋ ጆሮዎች ይወድቃሉ፤ የሚያስበውን ሲናገር ይቆማሉ።

«እንዴት ነሽ?» አለችኝ ጸዳለ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።»

አንደኛው ጆሮ ወደቀ።

«ሌሊት ትተኛለሽ?»

«ኧረ በደንብ።»

ሁለተኛውም ወደቀ።

ጸዳለ አንድ ሰሐን ፓስታ አምጥታ ፊቴ አስቀመጠች። በጣም ርቦኝ ነበር። ትበያለሽ ወይ አለችኝ። በልቼ ነው የመጣሁት አልኩ። ሰሐኑን ወደ ራሷ ሳበችና መብላት ጀመረች። እኔ ሁለተኛውን ግብዣ እጠብቃለሁ፤ ከሁለተኛው በኋላ ትንሽ ተግደርድሬ በሦስተኛው ሹካ ማንሣት ነበር ሐሳቤ። ሁለተኛው አልመጣም። እስከ መጨረሻው ጉርሻ ድረስ አየኋት። ለምን እንደማፈጥባት ስትጠይቀኝ፣ እንዲያው ዝም ብዬ ነው አልኳት። የአህያዋ ጆሮዎች እንደ እርጥብ ካልሲ ተንጠለጠሉ።

ጸዳለ አፏን ጠርጋ ተስፋ እንዳለኝ ለሐመልማል ነገረቻት። እንደ እኔ ያሉ ሰዎች ቦታቸውን ካገኙ ብዙ መሥራት ይችላሉ አለች። ችግሩ እነሱ ጋ ሳይሆን አሠሪዎቹ ጋ ነው፤ ያለ ቦታቸው አስገብተው እንዴት አልሆኑም ይላሉ አለች። ንግግሯን ወደድኩት። ከዚህ በፊት እኔው ራሴ፣ በዚያው ድምፅ፣ ለስንት ቢሮ የተናገርኩት ነው።

ለሙከራ ልብስ መሸጫ አስገቡኝ። አንዲት ሴት የጠበባት ቀሚስ ለብሳ ከመጋረጃው ወጣችና ልክክ ይልልኛል ወይ አለችኝ። «ላንቺ የተሰፋ ነው የሚመስለው» አልኳት። አመነችኝ። እዚያ አገር አለማመን የሚባል ነገር ለማንም ታይቶት አያውቅም። ለብሳው ወጣች፤ ደረጃው ላይ ቀሚሱ ከላይ እስከ ታች ተተረተረ። ተመልሳ ስትመጣ አልተቆጣችም። የፈራች ነው የምትመስለው።

«ጠባብ መሆኑን አይተሽ ነበር?»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን?»

«ደስ እንዲልሽ ብዬ።»

«ደስ እንዲለኝ ሰፊውን ብታመጪልኝ አይሻልም ነበር?»

ባለሱቁ ለሐመልማል፣ እናትሽ ልበ ቀና ናት፣ ግን ሰው የሚጎዳበት ቦታ አታስገቧት ብሎ መለሰኝ። ሐመልማል አመሰገነችው። አልከፋትም። ወይም ከፍቷት እንደሆነ በፊቷ አላወቅሁም፤ እኔ የሷን ፊት የማነበው በጣቶቿ ነው፣ ጣቶቿም በአባቷ ኮት እጅጌ ውስጥ ነበሩ።

ቀጥሎ የገባሁት የሆቴል ላውንደሪ ነው። ዝናሽ ከምትባል ሴት ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ አቆሙኝ። አንሶላዎቹ ሰፊ ናቸው፤ ጫፋቸው ከሌላ ክፍል ይጀምራል። አጠፍኩ። ዝናሽ አየችና ጠማማ ነው አለችኝ። ጠማማ መሆኑን አውቃለሁ፤ ጠማማ መሆኑ እንደሚነገረኝ ግን አላሰብኩም። ፈገግ ብዬ አመሰገንኳት። ከዚያ ዝምታው ከበደኝና ለመቀራረብ ያህል «ልጆች ደህና ናቸው?» አልኳት።

እጇን ከአንሶላው አነሣች። «ልጆቼን ታውቂያቸዋለሽ?»

«አላውቃቸውም።»

«ልጆች እንዳሉኝስ በምን አወቅሽ?»

«እንዲያው ለመጠየቅ ነው እንጂ።»

«ልጅ የለኝም። ፈልጌ ነበር፣ አልሆነም። አሁን ስለሱ እንድነግርሽ ትፈልጊያለሽ ወይስ አንሶላውን እንጨርስ?»

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ይቅርታ ጠየቅኋት። ልጅ የከለከልኳት እኔ እንዳልሆንኩ ነግራኝ ሥራዋን ቀጠለች። ቆይታ ደግሞ፣ ራሷው ጀምራ፣ ስለ ልጅ ነገር ሁሉን ነገረችኝ። ምንም አልደበቀችም፣ ምንም አላሳመረችም። አልቅሳም ጨረሰች። እንባዋን ጠርጋ ተራው የእኔ እንደሆነ በሚመስል ዓይን ጠረጴዛውን እያየች ጠበቀችኝ። እኔ ስለ አየሩ መቀዝቀዝ አወራሁ።

ማታ ጸዳለ መጥታ ዝናሽን አነጋገረቻት። ዝናሽም እኔ ከሥራው የሚያግደኝ ሰላምታው እንደሆነ መሰከረች። አላባረሩኝም። በዚህ እነሱ ከእኛ ይሻላሉ። የሚመቸኝን ነገር ሊያደርጉልኝ ተሰብስበው መከሩና ከላውንደሪው ጀርባ ትንሽ ክፍል ሰጡኝ። ክፍሏ መስኮት አላት። ሰላምታ ሲያስጨንቀኝ ሄጄ እንድተነፍስ ነው። ከመስኮቱ ማዶ አንድ አውራ ዶሮ ለዚሁ ተቀጥሯል። እንዴት ዋልክ፣ ቤተሰብ እንዴት ነው፣ ከብቱ፣ ቀዬው፣ ብርዱ እንዴት ይዞሃል ስለው፣ ለእያንዳንዱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይለኛል። እንዴት እንደቀለለኝ። መጀመሪያ ላይ በደስታ ነበር የሚመልስልኝ። እያደር ድምፁ ሰለለ። በመጨረሻ የሕመም ፈቃድ ወስዶ ሄደ፤ ሐኪሙ ዕረፍት አዞለታል አሉ።

ያን ጊዜ አዳራሽ ውስጥ ነበርኩ። ይሉኝታ ላለብን ሰዎች የተዘጋጀ ቀን ነው። ሁላችንም ቢጫ ካናቴራ ለብሰናል። ካናቴራው ላይ ስለኛ የተጻፈ ነገር አለ፤ ሁሉም ሰው የሌላውን ጀርባ እያነበበ የራሱን ሳያይ ተቀምጧል። አቶ በላቸውና አቶ ጥሩነህም መጥተዋል። ማን ይቅደም የሚለው ስላልተወሰነ በሩን ነቅለው ይዘውት ነው የመጡት፤ መተላለፊያው ላይ አቁመውት አሁንም ይለማመናሉ። አህያዋ ከፊት ተቀምጣለች።

የዚያ አገር ባለሥልጣን ብቻውን በእግሩ ገባ። የክብር እንግዳ ወንበር አልነበረም። ንግግር ያደርጋል ብዬ ስዘጋጅ፣ እንዲህ ብሎ ጨረሰ፦

«አንድ ሥራ አለ። ጥሩ ሥራ ነው። ማን ይፈልጋል?»

ተቀመጠ።

አንድም እጅ አልተነሣም። ሁላችንም እንፈልጋለን። ሁላችንም ሌላው ሰው ምን ይለኛል እያልን የጫማችንን ጫፍ እናያለን። ከኋላዬ አንዲት ሴት ለአቶ ጥሩነህ ይሰጥ፣ የቤተሰብ ኃላፊ ናቸው አለች። አቶ ጥሩነህ ለአቶ በላቸው ይገባል አሉ። አቶ በላቸው ከበሩ ጀርባ ሆነው፣ እኔ ምን ቸገረኝ፣ ወጣቶች አሉ አሉ። ወጣቶቹ ትልቅ ሰው እያለ እኛ ምን ብለን አሉ። የአህያዋ ጆሮዎች ወለሉን እየጠረጉ ነው።

ባለሥልጣኑ ግራ ገባው። ማንም የማይፈልገው ከሆነ ሥራውን ዘግቶ እንደሚሄድ ተናገረ። ሊያስፈራራን አልነበረም፤ እውነቱን ነው።

ጸዳለ ወደ ሐመልማል ጠጋ ብላ፣ ይህ ካለፈ እናትሽ ቤት መቀመጧ ነው አለቻት። ቤት መቀመጥ ምን እንደሆነ አልነገረችኝም፤ ግን በሕልም ሁሉ ነገር ይታወቃል። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ መግባት ነው። ስንት ዓመቷ ነው ሲባል ሌላ ሰው መመለስ ነው። ጎረቤት ድምፅ ሰምቶ «ማን ናት?» ሲል «ማንም የለም» መባል ነው።

ሐመልማል ፊት ለፊቴ መጥታ ቆመች። ዓይኔን አላየችም፤ ጆሮዬ አካባቢ ነው የምታየው፣ ሁልጊዜ እንደምታደርገው።

«እማዬ፣ እኔ ብሞት አንቺ ማን ጋ ትኖሪያለሽ?»

ይህ የእኔ ጥያቄ ነው። ማንንም ጠይቄ አላውቅም። ከሷ አፍ ሲወጣ ሰማሁት።

ተነሣሁ። እፈልጋለሁ ልል ነበር፤ አፌ ግን «እናንተ እንዳያችሁት» አለ። ጆሮዎቹ ወደቁ። ባለሥልጣኑ እሱ ያየው ነገር እንደሌለ ነገረኝና እፈልግ እንደሆነ ደግሞ ጠየቀኝ። «ከተገኘማ ምን ይጠላል» አልኩ። ወደቁ። ሐመልማል እጄን ያዘች። እሷ ሳትጠየቅ እጅ አትይዝም፤ እጅ መያዝ ያቃጥላታል።

ባለሥልጣኑ ተስፋ አልቆረጠም። ጥያቄውን ለወጠው።

«እሺ። ምንድን ነው የምትፈልጊው?»

«አጥናፉን እፈልጋለሁ» አልኩ።

የአህያዋ ጆሮዎች ቀጥ ብለው ቆሙ።

ማንም አላለቀሰም። ማንም አይዞሽ አላለኝም፤ ማንም እግዚአብሔር ያጽናሽ አላለኝም፤ ጊዜ ሁሉን ያስረሳል ያለኝም የለም። ባለሥልጣኑ ጥያቄውን በቁም ነገር ወስዶ አሰበበት። እንዲያውም ኪሱን ዳሰስ ዳሰስ አደረገ፣ ምናልባት ይኖር እንደሆነ ብሎ። ከዚያ መልስ ሰጠኝ።

«እሱ የለም። ሥራው ግን አለ።»

ከቀብሩ ወዲህ ይህን ያህል አጭር ነገር የነገረኝ ሰው አልነበረም። በሕልሜ አንድ ትልቅ ነገር ከላዬ ወረደ፤ ምን እንደሆነ አላየሁትም። እንግዲያው ሥራውን እፈልጋለሁ ልል አፌን ስከፍት አህያዋ ጮኸች። ጩኸቷ አላባራ አለ። ቆየት ብዬ ሳዳምጥ ስልኬ ነው።

ነግቷል። ስልኩን በተኛሁበት አነሣሁት። አቶ ደረሰ ነው።

እንዴት አደርሽ አለኝ። ጤናዬን ጠየቀኝ፣ ቤተሰቡን ጠየቀኝ፣ ብርዱን ጠየቀኝ። ባለቤቴን በሩቁ ያውቀው እንደነበር፣ እንደሱ ያለ ሰው ዛሬ እንደማይገኝ ነገረኝ። ሐመልማልን እንደ እህቱ እንዳያት፣ ቅንነቷ እንደነካው፣ ሌሊቱን ስለሷ ሲያስብ እንዳደረ ነገረኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ያው መሥሪያ ቤት የራሱ አሠራር አለው፣ እስቲ እናያለን፣ ሁሉም ለበጎ ነው አለኝ። እኔ በዚህ ጊዜ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አሳሰብኩህ» ብዬ ስልኩን የምዘጋ ሰው ነኝ። እንቅልፍ ግን ገና አልለቀቀኝም ነበር።

«አቶ ደረሰ፣ ትቀጥሯታላችሁ ወይስ አትቀጥሯትም?»

ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ። ቆይቶ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንዴ፣ እትዬ ሙሉመቤት፣ እንደዚያ እንኳ ማለቴ አልነበረም።»

«ምን ማለትህ ነበር?»

እንቢ ማለት ፈልጎ ነበር፤ ይህን እኔም እሱም አውቀነዋል። ባሏ የሞተባትን ሴት በማለዳ ፊት ለፊት እንቢ ማለት ግን አልቻለም፤ አፉ አላስቻለውም።

«ምን ችግር አለ» አለ በመጨረሻ። «ሰኞ ትምጣ።»

ዘጋሁት። ይህን ቋንቋ ከተወለድኩ ጀምሮ የምናገረው ነው፤ ተምሬዋለሁም፣ አስተምሬዋለሁም። «ሰኞ ትምጣ» ያለኝ ከልቡ ይሁን ወይስ እኔን ለመገላገል ማወቅ አቃተኝ። ሰኞ ስንሄድ ጥበቃው ማንን ነው የምትፈልጉት ይለን እንደሆነም አላውቅም።

ሐመልማል በሩ ላይ ቆማለች። ምን አለ አለችኝ። ሰኞ ትምጣ አለ አልኳት። እሺ አለች። በፊቷ ላይ አንድም ጥርጣሬ የለም። ወደ አልጋዬ መጥታ ተነሺ አለችኝ፤ ለምን ብላት ልለማመድ ነው አለች። ብርድ ልብሱን ገፍፋ አንሶላውን ከሥሬ ሳበችው። በሌሊት ልብስ ወለሉ ላይ ቆሜ አየኋት። አንሶላውን ወደ መስኮቱ ዘርግታ በብርሃኑ ፈተሸችው፤ እጇን መጀመሪያ በኔ በኩል፣ ከዚያ በአባቷ በኩል ቀስ ብላ አሳለፈችበት።

«እማዬ፣ ይኼኛው ወገን መተኮስ አያስፈልገውም። ማንም አልተኛበትም» አለች።

«አዎ» አልኳት።